ሃያ አራት ጋዋን

ኅዳር 3

ከጠዋት ጀምሮ በአክስቴ ልብስ ስፌት ቤት የሸሚዝ ቁልፍ ስተክል ዋልኩ። አሥራ ስድስት ሸሚዝ። ከሰዓት ደንበኛ ሲቀዘቅዝ ላፕቶፑን ከፈትኩ። አንድ ፊደሉ ከወለቀ ቆይቷል። በቦታው የሸሚዝ ቁልፍ ለጥፌበታለሁ። ይሠራል።

አክስቴ በአጠገቤ አለፈች። “ከባልሽ ጋር ተገናኛችሁ?” ላፕቶፑን እንደዚያ ነው የምትለው።

ኅዳር 5

ቆራጩ ለቀቀ። ዘጠኝ ዓመት አብሮን ሠርቶ ዛሬ ፋብሪካ ገባ። “ይቅናህ” አለችው አክስቴ፣ ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ።

እሱ ወጥቶ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሆስፒታሉ ዋና ነርስ መጣች። ሃያ አራት ጋዋን፣ እስከ ኅዳር 30። “እያንዳንዷ በልኳ ይሁንልኝ። ባለፈው የተገዛው አንዷን ድንኳን፣ አንዷን ቋሊማ አስመሰላት።” አክስቴ እሺ አለች።

ሴትየዋ እንደሄደች አክስቴ ትልቁን መቀስ አነሳች። ወዲያው አስቀመጠችው። የቀኝ እጇ አንጓ ካበጠ ወር አልፎታል።

“መለካት እችላለሁ። መስፋትም እንደምንም። መቁረጥ ግን...”

ይህ ሥራ ከተመለሰ ሆስፒታሉ ሌላ ቤት ይለምዳል። ከዚያ ምን ይቀረናል? እጅጌ ማሳጠር?

“እኔ እቆርጣለሁ” አልኩ።

“አንቺ?”

“እኔና ባሌ።”

አልሳቀችም።

ኅዳር 9

ለጋዋኖቹ የጻፍኩት ፕሮግራም አለቀ። የሰውየውን ልክ ታስገቢያለሽ፤ ጀርባው፣ ፊቱ፣ እጅጌው ስንት በስንት እንደሚቆረጥ ያወጣል። ቆራጩ ትቶት ከሄደው ደብተር ጋር አስተያየሁት። ሠላሳ ልብስ፤ ሠላሳውም ገጠመ። ከወንበሬ ተነሥቼ ጨፈርኩ። ማንም አላየኝም... አክስቴ አየችኝ።

ኅዳር 12

ነርሶቹ በየተራ እየመጡ ተለኩ። አክስቴ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ትለካለች፣ ትጠራለች፤ እኔ አስገባለሁ። ከጎረቤት መስታወት ቆራጭ የአንድ ሜትር የብረት ማስመሪያ ተዋስኩ። ቅርጹን በእሱ ካርቶን ላይ አስምሬ ቆረጥኩ፤ ከዚያ ጨርቁን። ሦስት ጋዋን። ቀጥ ያለ አቆራረጥ ነው፤ አክስቴ እንኳ “እጅሽ አይንቀጠቀጥም” አለች። ከእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ኅዳር 14

ዋና ነርሷ የራሷን ለበሰች። ክንዷን ወደ ላይ ላንሳ አለች... አልተነሳም። ብብቷ ስር ያዛት።

“በዚህ በሽተኛ ላገላብጥ ነው ወይስ ቆሜ ፎቶ ልነሳ?”

ሌሎቹ ሁለት ጋዋኖችም እንደዚያው። ጠበቡ፣ አጠሩ። አክስቴ ይቅርታ ጠየቀች። እሷ! የሠራሁት እኔ፣ የጠየቀችው እሷ። ሴትየዋ ስትወጣ “ቀኑ አይለወጥም፤ እማይሆን ከሆነ ቶሎ ንገሩኝ” አለች።

አክስቴ ሦስቱን አጣጥፋ ጥግ አስቀመጠች። “ባልሽን ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አንሺልኝ።”

አነሣሁ።

ኅዳር 15

ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ምንም የለም።

ኅዳር 16

እንደገና አነበብኩ። የደብተሩን ሠላሳ ልብስ እንደገና አስገባሁ። አሁንም ሠላሳውም ይገጥማል። ታዲያ ልብሱ ለምን ይጠባል? ስፌቱ ይሆን? በስፌት የገባውን ጨርቅ ፈትቼ ለካሁ። ልክ ነው። ጨርቁ ይሆን? ቁራጩን አጥቤ አደረቅሁ፣ ተኮስኩ፣ ለካሁ። አልተሰበሰበም።

ያለሁበት የፕሮግራመሮች ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። በእውነተኛ ስሜ ስለማልጽፍ ሁሉም ወንድ ያደርገኛል። መልሶቹ፦

“ወንድሜ፣ በዚህ ቋንቋ ዛሬም የሚጽፍ አለ?”

“ጥለኸው እንደ አዲስ ጀምር።”

“ልብስ ሰፊ ነህ ወይስ ፕሮግራመር? 😂” ለዚህኛው አርባ አንድ ሳቅ።

አንዱ ብቻ “የምታስገባው ቁጥር ራሱ ትክክል ነው?” አለ። ተናደድኩ። ሃያ ዓመት የለካች እጅ ናት! ብዬ መልስ ጽፌ አጠፋሁት። ደግ አደረግሁ።

ኅዳር 18

አክስቴ ስልክ ላይ ቆራጭ ስታፈላልግ ሰማሁ። አንዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንዱ “ለሴት አልሠራም”። ዘጋችበት።

ነገ ለዋና ነርሷ ልትደውል ነው። አልችልም ልትል።

“እስከ ሐሙስ ጠብቂኝ፣ እትዬ።”

“ምን ልትሆኚ?”

አላውቅም። ግን አልተውም። ኮዱ ውስጥ ስህተት ሲጠፋኝ የማደርገው አንድ ነገር ነው፦ የሚሠራውንና የማይሠራውን ጎን ለጎን አስኪዳለሁ፣ በየእርምጃው አቆማለሁ፣ አስተያያለሁ። የማይሠራው የእኔ ነው። የሚሠራው... እሷ ናት።

ኅዳር 20

አስቸገርኳት። “አንቺ በለመድሽው አስምሪ፣ መቀሱን እኔ ልያዝ። አንድ ጋዋን ብቻ።” በግራ እጇ ጠመኔ ይዛ ቆመች። የያዘችው የዋና ነርሷን ልክ ነው፤ ደረት ዘጠና ሰባት። ለመንቀሳቀሻ ስምንት ጨመረች፣ ለአራት አካፈለች፣ በቃሏ።

“ሃያ ስድስት ከሩብ።”

ፕሮግራሙም ሃያ ስድስት ከሩብ ይላል። እስከዚህ አንድ ነን።

ሜትሯን ጨርቁ ላይ ዘርግታ በጠመኔ ምልክት አደረገች። “ቁረጪ።”

አልቆረጥኩም። ብረቱን አምጥቼ ምልክቱ ላይ አስቀመጥኩ።

“እትዬ፣ ስንት ነበር ያልሽው?”

“ደንቁረሻል? ሃያ ስድስት ከሩብ።”

“ብረቱ ሃያ ሰባት ይላል።”

“ብረቱ ጠሟል።”

“የት ጋ ጠመመ? ቀጥ ያለ ነው፣ እይው።”

ሜትሯን ከእጇ ወስጄ ከብረቱ ጎን ዘረጋሁት። የብረቱ መቶ ሲያልቅ የእሷ ሜትር ገና ዘጠና ሰባት ላይ ነው።



ጨርቅ ሜትር ነው። ሃያ ዓመት ከአንገቷ ተንጠልጥሎ፣ በየቀኑ ሲሳብ፣ ሲጎተት... ተለጥጧል። እሷ ሰውንም ጨርቁንም በዚያው ስለምትለካ አንዱ ስህተት ሌላውን ያጣፋዋል። ቆራጩም ሲያስፈልገው ከአንገቷ ላይ መዝዞ ነበር የሚሠራው። እኔ ግን ሰውን በተለጠጠው፣ ጨርቁን በብረት። በየመቶው ሦስት ሴንቲ የበላሁት እኔ ነኝ።

አክስቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሜትሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው።

“ሃያ ዓመት ሲያታልለኝ ኖሯል?”

“አንቺን አላታለለሽም። እኔን ነው።”

“ሃያ ሦስቱን ሴት እንደገና ልጥራቸው? በምን ዓይኔ?”

“አትጥሪ። የለካሽው አይጠፋም፤ እኔ አስተካክለዋለሁ።”

ፕሮግራሙ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ የገባውን ልክ ሁሉ በመቶ አባዝቶ ለዘጠና ሰባት የሚያካፍል። አንድ! ስድስት ቀን ለአንድ መስመር።

ከዚያ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ “ስህተቱ ኮዱ ውስጥ አልነበረም፤ መለኪያው ተለጥጦ ነው። ቁጥሩን የጠየቅከኝ ልክ ነበርክ። አመሰግናለሁ።” ወዲያው መለሰ፦ “ጎበዝ ወንድሜ!” ትንሽ አሰብኩ። “እህትህ ነኝ” አልኩ። “ልብስ ሰፊም ነኝ።” ዛሬ የሳቀ የለም።

ኅዳር 22

ዋና ነርሷ አዲሱን ለበሰች። ክንዷን አነሣች፣ ጎንበስ አለች፣ ወንበሩን አንሥታ አስቀመጠች። “ቀጥሉ” ብላ ወጣች። እኔ ትንፋሼን የያዝኩት ለካ ገና ስትገባ ነው።

ኅዳር 26

አሥራ ሦስት ጋዋን ደረስን። ጣቴ ላይ መቀሱ ውሃ አቋጠረ። በፕላስተር ጠቅልዬ ቀጠልኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት አክስቴ ጥግ ከተቀመጡበት አወጣቻቸው። ዝርዝሩን አየች፣ ከነርሶቹ ሦስት ቀጫጮች መረጠች፣ እጅጌውን አስረዘመች። ልክክ! ይህን ፕሮግራሙ አያስበውም ነበር። እኔም።

ኅዳር 30

ሃያ አራቱንም አስረከብን። የብረት ማስመሪያውንም ለባለቤቱ። “ይህን ያህል ምን ስትለኪበት ነበር?” አለኝ። “አክስቴን” አልኩት።

ታኅሣሥ 4

ለአክስቴ አዲስ ሜትር አመጣሁላት። አንገቷ ላይ አድርጋ ዋለች። አሮጌውን ግን ልጥለው ስል እጄን መታችኝ። መሳቢያ ውስጥ አስገባችው።

ምናልባት ታወጣዋለች ብዬ ፕሮግራሙን ቁጥር ከመቀበሉ በፊት እንዲጠይቅ አደረግሁት፦ “በየትኛው ሜትር ተለካ?”

ታኅሣሥ 7

ጠዋት ስገባ ዋና ነርሷ ከአንዲት ሴት ጋር ቆማለች። የትምህርት ቤት ኃላፊ ናት አሉ፤ የመምህራን ካፖርት ነው የፈለገችው፣ ሠላሳ አንድ። አክስቴ አንጓዋን በጨርቅ አስራ ታዳምጣለች። መቁረጫ ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ተጠርጓል፤ አንዱ ጥግ ላይ፣ ከሶኬቱ አጠገብ፣ የላፕቶፕ የሚያህል ቦታ ተትቷል።

“ምን ትገተሪያለሽ?” አለችኝ። “አማቼን አስነሺው፣ ሥራ አለ።”