ስለ «ሞቅ-ሞቅ» ስም አወጣጥ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዓይንዎም ጆሮዎም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አፍንጫዎ ደኅና እንዲሆንልዎ የዘወትር ምኞቴ ነው። አፍንጫዎን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዝቅ ብዬ እደርስበታለሁ። እኔ በድርጅትዎ የግልባጭ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬ የባለሙያዎችን የእጅ ጽሑፍ በንጹሕ ወረቀት ስተይብ የኖርኩ ሴት ነኝ። ባለቤቴም የእርስዎ ሠራተኛ ነበር። የኃይል ክፍሉን ፈታሽ፣ ጓደኞቹ «አፍንጫው» የሚሉትን፣ ሳያስታውሱት አይቀሩም። ካስታወሱትም እንዳላስታወሱት ሆነው ያንብቡልኝ፤ ልምዱ እንዳለዎት አውቃለሁ።

አዲሱ የቤት ጨዋታ መሣሪያ «ሞቅ-ሞቅ» የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በቴሌቪዥን ቆጠራ ታጅቦ፣ በሺህ በሚቆጠሩ ቤቶች በአንዴ እንደሚበራ በየግድግዳው የተለጠፈው ማስታወቂያ ይናገራል። ማንበብ የተማርኩት ዘግይቼ፣ ያለ አስተማሪ፣ በባለቤቴ የጥገና መጻሕፍት ላይ ጣቴን እየጎተትኩ ስለሆነ፣ ዛሬም ቢሆን ከጽሑፍ ውስጥ ቃል ዘልዬ ማለፍ አልችልበትም። ስለዚህ ከማስታወቂያው ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሰፈረውንም አነበብኩ። መሣሪያውን አንዴም ሳያጠፋ ስድስት ሰዓት የተጫወተ ቤተሰብ ይሸለማል ይላል። ስለዚህና ስለ ቀድሞ ውለታዎችዎ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. ስለ ቅጥነቱ አመሰግናለሁ። መሣሪያው ሲጀመር ደልደል ያለ ነበር፤ በሆዱ ማራገቢያ፣ በጀርባው የአየር ቀዳዳዎች ነበሩት። የቅርጽ ባለሙያዎችዎ ማራገቢያው ያንጎራጉራል፣ ቀዳዳዎቹም መልኩን ያበላሹታል ብለው አመለከቱና ማራገቢያው ወጣ፤ ቀዳዳዎቹም ተደፈኑ። ባለቤቴ በስብሰባው ላይ «የሰውም አፍንጫ ቢደፈን ፊቱ ያምር ይሆናል፤ ችግሩ ሰውየው ይሞታል» ማለቱን፣ እርስዎም እንባዎ እስኪመጣ መሳቅዎን ነግሮኛል። ሰው የሚያስቅ ባል ስለነበረኝ በዚያ ቀን ኮርቼ ነበር።

፪. የባለቤቴን አፍንጫ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለተጠቀሙበት አመሰግናለሁ። ከመለኪያዎቹ ሁሉ ቀድሞ የሚቃጠል ነገር የሚሸተው እሱ ነበር። ለአዳዲስ ሠራተኞች «ኤሌክትሪክ ጨዋ ነው፤ መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ ያጨሳል፣ በሦስተኛው ግን አያስጠነቅቅም» እያለ ያስተምራቸው ነበር። ሞቅ-ሞቅ ገና ስም ሳይወጣለት፣ «ሰባተኛው ናሙና» በሚባልበት ጊዜ፣ ባለቤቴ ለሁለት ሳምንት በፍተሻ ክፍሉ አብሮት ከዋለ በኋላ በእጁ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ከሦስት ሰዓት ሥራ በኋላ የኃይሉ ክፍል ይግላል። አራት ሰዓት ሳይሞላ ከሥሩ ያለውን እንጨት ያጠቁራል። ማራገቢያው ሳይመለስለት ሰው ቤት እንዳይገባ።»

ይህ ወረቀት እርስዎ ዘንድ አልደረሰም። እርስዎ ዘንድ የደረሰው የእኔ ግልባጭ ነው።

፫. ይህን ቁጥር ከእርስዎ ወስጄ ለራሴ አደርገዋለሁ። በዚያው ሳምንት የስክሪን ክፍሉ ባለሙያ «ምስሉ ይንቀጠቀጣል» ብሎ በመጻፉ ዕቃውን ሰብስቦ ከሥራ እንዲሰናበት ታዝዞ ነበር። እኛ የምንኖረው በድርጅቱ ቤት ነበር። ባለቤቴም ልቡን ይታመም ነበር። ወረቀቱን ከጎኔ ዘርግቼ ብዙ ተቀመጥኩ፤ የክፍሉ ኃላፊ «ዛሬ እጅሽን ምን ነካው?» እስክትለኝ ድረስ። ከዚያ «ይግላል» የሚለውን ትቼ «ሞቅ ይላል» ብዬ ጻፍኩ። ስለ እንጨቱና ስለ ማራገቢያው የሚናገሩትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ዘለልኳቸው። ቃል መዝለል አልችልበትም ያልኩዎ እኔ። ባለቤቴም ሳያነብ ፈረመ። «የአንቺን ግልባጭ አንብቤ መፈረም ማለት ጣቶቼ አምስት መሆናቸውን እየቆጠርኩ እጄን መታጠብ ነው» ይል ነበር።

፬. ስለ ስሙ የማቀርበው ምስጋና ግን ከሁሉም የላቀ ነው። ለስም ማውጫው ስብሰባ ወረቀት አዳይ ሆኜ ገብቼ ስለነበር ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። አርባ ስም ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አንዱም አልጣመም። «መብረቅ» ያስፈራል ተባለ፤ «ወዳጄ» የሳሙና ስም ይመስላል ተባለ። ከሩቅ ያስመጡት የስም አዋቂ፣ ያ ባለ ነጭ ጫማው ሰው፣ አማራጭ ሲያጣ የፍተሻ ሪፖርቱን ማገላበጥ ያዘና በድንገት ብድግ አለ። «ስሙ እዚህ ተቀምጦ እኮ ነው የምንደክመው! ሞቅ ይላል! ቤቱ ሞቅ ይላል፣ ጨዋታው ሞቅ ይላል… ሞቅ-ሞቅ!» አለ። እርስዎ ተነሥተው አጨበጨቡ። ሰው ሁሉ ተነሣ። እኔም የቀሩትን ወረቀቶች በብብቴ ሸጉጬ አጨበጨብኩ። ድግስም ይሞቃል፣ ብረትም ይሞቃል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ለሚነካው ሰው ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ብረቱን የነካ ሰው አልነበረም።

በዚያን ቀን ባለቤቴ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «እሳት ነው ብዬ ብጽፍላቸው ሞቅ-ሞቅ ብለው ስም አወጡለት። ቀለዱብኝ እኮ» አለኝ። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ውሃ ላምጣልህ ወይ አልኩት። ከዚያ በኋላ ልቡ ቀጥ እስካለችበት ቀን ድረስ ስምንት ወር ሙሉ እርስዎን ሲራገም ኖረ። እርግማኑ አድራሻውን ስቶ ከእርስዎ ደጅ ሲውል፣ ትክክለኛዋ ባለቤት አጠገቡ ቁጭ ብላ የተቀደደ ካልሲውን ትሰፋለት ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ ተረቱን ያወጣው ሰው ወጊዎችን ሁሉ አልጠየቀም።

፭. ስለ መልካም አቀባበልዎ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የእጅ ጽሑፉን ከመሳቢያው አገኘሁትና ወደ እርስዎ አመጣሁት። ሦስት ጊዜ ተመልሼ በአራተኛው አስገቡኝ። ወረቀቱን ከፊትዎ ዘርግቼ ያደረግኩትን ሁሉ በአፌ ነገርኩዎ። እስከዚያ ቀን ጥፋቱ የእኔ የብቻዬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የጋራችን ሆነ። ሸክሙን ስላገዙኝ ውለታዎን አልረሳም። ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት፤ መነጽርዎን አውልቀው ጠረጉ፤ ከዚያም አባት በሚናገርበት ድምፅ «እመቤት፣ ስሙ እኮ ታትሟል» አሉኝ። ካርቶን ላይ የታተመ ስም ከሰው ቤት ጣሪያ ይልቅ ውድ መሆኑን የተማርኩት በዚያ ቀን ነው። ሌላውን ሁሉ ያለ አስተማሪ ተማርኩ፤ ይህንን ብቻ አስተማሪ አስተማረኝ።

በሳምንቱም «ለባለቤትዎ መታሰቢያ» የሚል ካርድ ያለበት፣ በጥብጣብ የታሰረ አንድ ሞቅ-ሞቅ ተላከልኝ። ከምሳ በኋላ በምግብ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ራሴ በጠለፍኩት ነጭ ጨርቅ ላይ አኑሬ አበራሁት። ጨዋታ ስለማልችል፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ክንፏን እያራገበች እንድትጠብቀኝ ትቼ አጠገቧ መጽሐፍ ሳነብ ዋልኩ። ከበራ ሦስት ሰዓት ሲሞላው ሸተተኝ። ባለቤቴ እንዳለው፣ ጨዋ ነው። በሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃው እጄን በፎጣ ጠቅልዬ ነቀልኩት። ጨርቁ ላይ ቡናማ አራት ማዕዘን ቀረ፤ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር። ጨርቁን አጥፌ ለጸሐፊዎ ባስረክብ፣ «ካውያ ረስተውበት ነው እንዴ፣ እማማ?» አለችኝ። መልካም ልጅ ናት፤ እውነቷን ነው። አዎ፣ ካውያ ነው። ልዩነቱ ካውያውን የረሳነው በሺህ በሚቆጠር ሰው ቤት ውስጥ መሆኑ ነው።

አሁን ምስጋናዬን አቁሜ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ቅዳሜ ለመውሰድ ከተመዘገቡት ሰዎች አንዷ ልጄ ናት። አባቷ የሥራ ምሥጢር ለእሷ አውርቶ ስለማያውቅ ስለ ፍተሻው የምታውቀው ነገር የለም። የምታውቀው አባቷ እንደሠራው ብቻ ነው። አትውሰጂው ብላት «እማ ደግሞ! አባዬ የሠራውን እኔ ካልወሰድኩት ማን ይውሰደው?» አለችኝ። ምክንያቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ከፍቼም ስለ አየሩ መቀዝቀዝ አወራሁ። እሷም ሳቀችና «ታዲያ ሞቅ-ሞቅ የሚያስፈልገን ለዚህ አይደል?» አለችኝ። መሣሪያውን የምታኖረው ከቴሌቪዥኗ ጎን በእንጨት መደርደሪያ ላይ ነው፤ መደርደሪያው ከመጋረጃው አጠገብ፣ የሁለቱ ሴት ልጆቿ አልጋ ደግሞ ከመደርደሪያው ሥር። ትልቋ ሽልማቱን እንደምታሸንፍ ከአሁኑ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። ስድስት ሰዓት አንዴም አላጠፋም ብላ ከእህቷ ጋር ተወራርዳለች።

ስለዚህ የዚህን ደብዳቤ የመጀመሪያ ግልባጭ ዛሬ ጠዋት በልጄ በር ሥር አስገብቻለሁ። ሁለተኛው በድርጅትዎ መግቢያ ላይ ተለጥፏል፤ ሦስተኛው በጋዜጣው እጅ ነው። በሦስቱም ላይ አንድም ቃል አልቀየርኩም። ልጄ አባቷ ማንን በከንቱ እየረገመ እንደሞተ የምታውቀው ሦስተኛው ቁጥር ላይ ስትደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ እማ ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። የእሷ ቤት በዚህ ይድን ይሆናል። የሌሎቹ ቤቶች ግን በበራቸው ሥር ወረቀት የምታስገባ እናት የላቸውም። እሳት ካየው ምን ለየው እንደሚባለው፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሞቅ-ሞቅን ካበሩት ሁሉ እሳቱ ማንኛውን አይቶ ማንኛውን እንደሚተው እኔም እርስዎም አናውቅም።

የምለምንዎ አጭር ነው። ቅዳሜ ይቅር። ማራገቢያው ይመለስ፤ ቀዳዳዎቹ ይከፈቱ። ስሙን ከወደዱት ያቆዩት፤ መሣሪያው መልካም ሲሆን ስሙም እውነት ይሆናል። ካርቶኑ መቀደድ ካለበት ግን ይቀደድ። እኔ ልጄን ለማጣት ደፍሬያለሁ፤ እርስዎ አንድ ስም ለማጣት ይድፈሩ።

ሰባተኛው ናሙና ሰው ቤት እንዳይገባ አጥብቄ እየለመንኩ፣ ሕንፃዎም ቤትዎም የእርስዎም እንቅልፍ ከጭስ የራቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የአፍንጫው ሚስት፣
«ይግላል» የሚለውን «ሞቅ ይላል» ብላ የገለበጠችው፣
የቀድሞ የግልባጭ ክፍል ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ቢሮዎ በገባሁበት ቀን ከመስኮቱ ሥር የራስዎ ሞቅ-ሞቅ በርቶ አይቼው ነበር። ክፍሉ ከወለሉ እስከ ጠረጴዛው የተወለወለ እንጨት ነው፤ እሱ ግን በወፍራም እብነ በረድ ላይ ተቀምጧል፣ ከጎኑም ቀይ የእሳት ማጥፊያ ቆሟል። ያምራል፤ ቅዳሜን ካልሰረዙ እባክዎ በየካርቶኑ እንዲህ ያለ ድንጋይ ይጨምሩልን። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። እርስዎ ዘንድ የደረሰው ሪፖርት «ሞቅ ይላል» ብቻ ይል ነበር፤ እኔም ወረቀቱን ገና ከቦርሳዬ ሳላወጣ ድንጋዩ እዚያ ነበረ። ማን ነገረዎ?