የኩባያው ወንበር

ይድረስ ለአባባ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ወገብዎ እንዴት ሆነ? ጫንጮ ለቅሶ ላይ ብርዱ አልጎዳዎትም? እኔ ደህና ነኝ ብል ውሸት ነው። 

ሽማግሌዎቹን ካባረሩ ወዲህ አልተነጋገርንም። ኦቦ ዋቆ ለጂሬኛ ሊጠይቁኝ ከሰበታ ድረስ መጥተው በር ላይ እንደቆሙ፣ እርስዎ ተቀመጡ እንኳ ሳይሏቸው “የልጁ አባት ማነው?” አሏቸው። እሳቸውም “እናቱ ወይዘሮ ዱርሲቱ ብቻዋን ነው ያሳደገችው፤ ግን ሰው አድርጋዋለች” ሲሉ፣ እርስዎ ያቺን ቃል ተናገሩ። እዚህ አልጽፋትም። ጓዳ ሆኜ ሰምቻታለሁ። “እኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ገብቶ አያውቅም” ብለውም ጨመሩበት።

ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ያለብኝ ንዴት አይደለም፤ ድንጋጤ ነው።

ባለፈው ክረምት ቮልሷን ሲነዱ ሻይ ጭንዎ ላይ ተደፍቶ ያቃጠለዎት ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ቧንቧ ሠራተኛው ጥሎት ከሄደው የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጬ፣ ታቹን በአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ደፍኜ፣ የኩባያ ማስቀመጫ ሠርቼ ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ በሽቦ አሰርኩልዎት። ምንም ወጪ አልነበረውም። እርስዎ ግን ለእድርተኛው ሁሉ “ልጄ በኢንጂነሪንግ ተመርቃ ለኩባያ ወንበር ሠራችለት!” እያሉ አሳቁብኝ። ኦቦ ኢቲቻማ “እንግዲህ የቀረው ቀበቶ ማሰር ነው” አሉኝ። አብሬያችሁ ስቄያለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ትናንት እርስዎ በእድሩ አውቶቡስ እንደሄዱ፣ እማዬ የላሞቹ ፉርሽካ አልቋል አለችኝ። ፉርሽካ እዚሁ ቡራዩ ሞልቷል። እሷ ግን “አባትሽ ከሚገዛበት፣ ከሱሉልታ አምጪ” ብላ የመኪናዋን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረችው።

ለጆንያው ቦታ ሳመቻች ሌላ አገኘሁ። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽዬ የኩባያ ወንበር። ቱቦው ያው፣ ሶሉም ያው፤ ሽቦው ግን እርስዎ አጥር ሲያስሩ እንደሚያደርጉት ወደ ግራ የተጠመዘዘ። መጀመሪያ ሳቅ አለኝ። ተማሪ አፈራሁ አልኩ። ግን ከኋላ የሚቀመጠው ማነው? የእኛ ቤት ኩባያ አንዱም አይገባበትም።

ሱሉልታ መኖ ቤቱ ደጅ ቆሜ በሩን ስከፍት፣ አንዲት ሕፃን ባለ ሁለት እጀታ ቢጫ ኩባያ ይዛ፣ ወተቷን እየደፋች፣ “አባባ መጣ! አባባ መጣ!” እያለች ከማዶ ሮጠች። በክንዴ ሥር ሾልካ ኋላ ገባች። ኩባያዋንም ቀዳዳው ውስጥ አስቀመጠች። ሳታይ! እጇ ለምዶታል። ከዚያ ቀና ብላ “አባባስ?” አለችኝ።

“ይሄን ማን ሠራልሽ?” አልኳት።

“አባባ። ወተቱ እንዳያቃጥለኝ።”

ስሟን ጠየቅኳት። ትምህርት ቤት እንዳስለመዷት ቀጥ ብላ ከነአባቷ ነገረችኝ። “ቲና” አለችና የእርስዎን ስም አስከተለች። እኔ ከስሜ ቀጥሎ የምጽፈውን ስም። የመኪናዋን በር ይዤ ቆምኩ።

እናቷ ስንዱ ትባላለች። መኪናዋን አይታ እየሳቀች መጥታ፣ እኔን ስታይ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። “ኢንጂነሯ አንቺ ነሽ?” አለችኝ። ስለ እኔ ያወሩላት ኖሯል! ልሰድባት አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ወይዘሮ ዱርሲቱ ፊቴ ድቅን አሉ። አፌን ዘጋሁት።

ስመለስ እማዬን “መኪናው ውስጥ ኩባያ ተደፋ” ብቻ አልኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል “የትኛው? ትንሹ?” አለችኝ።

አባባ፣ እዚያ ቤት ውስጥ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ!

በሚመጣው እሁድ ኦቦ ዋቆ ይመለሳሉ። እኔው ነኝ የለመንኳቸው። ተቀመጡ ይበሏቸው። ስለዚያች ቃል ይቅርታ ይጠይቋቸው። ስለ ጂሬኛ አባት ደግመው እንዳይጠይቁ፤ የአባት ነገር ከተነሣ እኔም በሽማግሌ ፊት የምጠይቀው አለኝ። እምቢ ቢሉም አገባዋለሁ። የሚጎድለው የእርስዎ ወንበር ብቻ ነው።

ደግሞ ሥራዎ ጥሩ አይደለም። የትንሿ ቱቦ ሰፍቷል፤ ጉድጓድ በተመታ ቁጥር ኩባያዋ ይዘምማል። የሽቦው ጫፍም ወደ ልጅ እጅ ነው የዞረው። ዛሬ ጠዋት ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፍኩት፤ ቱቦውን በሶል ቁራጭ ለበጥኩት። ከእንግዲህ አያቃጥላትም። ይህን ደብዳቤ በእርስዎ ኩባያ ቦታ ትቼ ወደ ሰበታ፣ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ።

ወገብዎን ይማርልኝ። ሁለታችንንም ለመዳር የሚበቃ ዕድሜ ይስጥዎ።

እስከ ትናንት “አንድዬ ልጄ” ሲሏት የኖረችው፣

ትልቋ ልጅዎ