ድንጋዩ ከመነሳቱ በፊት

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ በዚህ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ለእኔ አትስጊ፤ የመሬት መንቀጥቀጡ የሆስፒታላችንን መስታወት አረገፈው እንጂ እኔን አልነካኝም። ስልክ ስለሌለ ይህን በእናንተ በኩል ለሚያልፈው የአምቡላንስ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ።

ያየሁትን ካልነገርኩሽ ልቤ ይፈነዳል። የፈረሰ ፎቅ ወዳለበት ላኩኝ። አንዲት ትንሽ ልጅ ሁለት ጭኖቿን ምሰሶ ተጭኗቸው አገኘኋት። እዚያው አድራለች፤ ውሃም አልቀመሰችም። ጎረቤቷ ግንበኛ ክሪክ አስገብቶ ምሰሶውን ሊያነሳ ሲል፣ እኔ ችኩሏ ልጅሽ፣ ቆይ አልኩት።

"ልጅቷ ድንጋይ ተጭኗት አንቺ ግሉኮስ ትሰቅያለሽ? ልብ የለሽም እንዴ?" አለኝ።

ግሉኮስ ያለው የጨው ውሃችንን ነው። እማዬ፣ የሚገድለው ድንጋዩ ብቻ አይደለም። የተጨፈለቀ ሥጋ መርዝ ይቋጥራል፤ ክብደቱ ሲነሳ መርዙ ወደ ልብና ወደ ኩላሊት ይሮጣል። ብዙ በቆየና በተጠማ ሰው ላይ ይብሳል። ልጅ ደግሞ ገላው ትንሽ ነው፤ ሁለት ጭን ማለት ግማሽ ሰው ነው። ስቃ የወጣች ልጅ መንገድ ላይ የምትቀረው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ላስረዳው ጊዜ አልነበረም። እኔ ደም ሥሯን ስፈልግ እሱ በላዬ ላይ ይራገማል። ውሃው በደንብ ሲገባላት፣ አሁን አንሳ አልኩት።

እናቷም አጠገቧ፣ እዚያው ፍርስራሽ ሥር ነበረች። ለእሷ መቸኮልም መቆየትም አላስፈለገም።

ሆስፒታል ስንደርስ የልጅቷ ሽንት የጠቆረ ሻይ መሰለ፤ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ያለው ከተሰበረው ድልድይ ማዶ ነው። የክፍሉ ሰው ሁሉ የሽንት ከረጢቷን ከቦ ተቀመጠ። አንጋፋዋ ነርሳችን፣ "ሌላው ወርቅ ይጠብቃል፣ እኛ ሽንት" ብላ አሳቀችን።

ዛሬ ጠዋት ቱቦው ውስጥ አንዲት ጠብታ ተንከባለለች። ከዚያ ሌላ። በምሳ ሰዓት ከረጢቱ የገለባ ቀለም ያለው ሽንት ይዞ ሞላ። ከጡጫዋ የማይበልጡ ኩላሊቶች ያን ሁሉ መርዝ ገፍተው አወጡት! ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፤ እንዲህ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ደርቄ ቀረሁ። ሊጠይቃት ለመጣው ግንበኛ ከረጢቱን ሳሳየው፣ ኮፍያውን አወለቀ።

እግሮቿ ግን ገና ናቸው፤ ለብዙ ወር ደረጃ አትወጣም። ከግንበኛው በቀር የጠየቃት ሰው የለም።

እና እማዬ፣ ክፍሌ ውስጥ የከተትሽውን የስፌት መኪና ወደ ሳሎን አውጪልኝ። አልጋውም ለእኔ ነበር ልኩ፤ ዝቅ ባለ ለውጪው። ልትቆጪ ከሆነ ሁለታችን ስንመጣ ይሁን።

ዕድሜ ከጤና ያድልልኝ፤ ቤትሽም ሰው አይጣ።

ልጅሽ