ጀማሉዲን ሲመጣ አንብበው

ደሴ፣ ኅዳር 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለአብዱልወሀብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ ብቻህን አታንብበው። አጥፈህ አስቀምጠውና ያገራችንን ሰው፣ የኩታበሩን ጀማሉዲንን ጥራው። በጠዋት ይምጣ። አጠገብህ ሲቀመጥ ቀጥል።

መጣ? አልሐምዱሊላህ።

እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል። ደብዳቤህ የደረሰኝ በመስከረም ነው። ለንደን ገበያዋን በኒውዮርክ እንዳትነጠቅ ስሌት የሚያውቅ ሰው ከየአገሩ ትለቅማለች ያልከውን ለጎረቤቴ ለሐዋ ሳነብላት፣ «ውይ ረሂማ፣ ከተሞችም እንደ ጣውንት ይቀናናሉ?» ብላ አሳቀችኝ። ያን ጊዜ ሳቅ ነበረኝ።

ባንክህ የሥራ ፈቃድህ እንዲታደስ እንደጠየቀልህ፣ ፈቃዱ ሳይወጣ አገሩን ከለቀቅህ ግን ቦታህ ለሌላ እንደሚሰጥ ጽፈሃል። ደግሞ መልሰህ «የፈለገው ይሁን፣ ወንድሜን እንድሪስን ሳላይ ዓመቱ አያልፍም፣ እመጣለሁ» ትላለህ።

አትምጣ።

እዚህም ሰው ይፈለጋል። አንተን የፈለገችህ ከተማ ወረቀት ልካ ለመነችህ። ወንድምህን የፈለጉት ለውትድርና ከገበያ መሃል ይዘው መኪና ላይ ጫኑት። ስንቅ ቋጥሬ እስከ ኮምቦልቻ ተከተልሁ፤ አልደረስሁበትም። ያንተም ዕድሜ ከሚፈለገው ውስጥ ነው። ይህን በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ የላክሁት ለዚህ ነው።

የምጽፍበትን ፊደል ያስቆጠረኝ እንድሪስ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ጣቴን ይዞ «እማ፣ ቀስ በይ፣ ማን አባረረሽ?» ይለኝ ነበር። አሁንም ቀስ እያልሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ከሱብሒ በኋላ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ መጣ። በሩ ላይ ሲቆሙ አወቅሁ። ሐዋ ከኋላ ያዘችኝ። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፣ የሚይዝ ሰው ባለበት። ልጅን በወረቀት ማርዳት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ያን ሁሉ ዐዋቂ በሰበሰበች ከተማ፣ አንተን የሚይዝልኝ ከጀማሉዲን ሌላ ሰው አጣሁ።

ጀማሉዲን፣ ልጄን ያዝልኝ።

አብዱልዬ፣ ወንድምህ ሞቷል። እንድሪሴ ሞቷል። የት እንደቀበሩት አልነገሩኝም።

አልቅስ። አልቅሰህ ሲወጣልህ ወደ ሥራህ ተመለስ፣ ፈቃድህን አሳድስ። ፍራሽህን ፀሐይ አስመትቼ ከእሱ ፍራሽ ጎን አንጥፌዋለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ና ማለቴ አይደለም።

አላህ ከክፉ ይሰውርህ፤ ብቻህን አያስቀርህ።

እናትህ ረሂማ