አንዲት ብናኝ ጭስ ስላላሳለፈው ስፌቴ

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ጥሩ ሳንባ እመኛለሁ። ይህን የምጽፍልዎ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ልብስ የምሰፋው አሮጊት ስሆን፣ ተከራዮቹ በሌለሁበት «እማማ ሜትር» ይሉኛል፤ ባለሁበትም የሚሉኝ አሉ።

በመግቢያው በር ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አነበብኩት። ባለፈው ሳምንት በተነሣው ቃጠሎ «የማስጠንቀቂያ ደወሉን በወቅቱ ባለመስማቱ» የበር ጥበቃችን መታገዱን፣ ሰኞም ጉዳዩ በተከራዮች ስብሰባ ላይ ታይቶ እንደሚሰናበት ይገልጻል። ውሳኔውን ከስብሰባው አስቀድመው መጻፍዎ የሁላችንንም ጊዜ ስለሚቆጥብ አመሰግናለሁ። በጽሑፉ ሰዋስው ላይ አንድም እንከን አላገኘሁም። የጎደለው እውነቱ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ ሥር ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። የካውያዬ እንፋሎት በወጣ ቁጥር በክፍሌ ኮርኒስ ላይ ያለው ጭስ ጠቋሚ ይጮህ እንደነበርና ተከራዩ ሁሉ፣ ሒሳብ ሠራተኛው የምሳ ዕቃውን እንዳቀፈ፣ በደረጃው ይተራመስ እንደነበር ያስታውሳሉ። እርስዎም የጥገና ባለሙያ አስጠሩ። ባለሙያው ይህ መሣሪያ እንፋሎትን ከጭስ ስለማይለይ፣ ለካውያ ክፍል የሚስማማው ሙቀት ሲያይል ብቻ የሚጮኸው ሙቀት ጠቋሚ መሆኑን፣ የኮሪደሮቹ ደግሞ አቧራ ስለጠጡ ተጠርገው በየጊዜው መሞከር እንዳለባቸው በትሕትና አስረዳ። እርስዎም በትሕትና እስከ በሩ ሸኙት፤ ዳግመኛም አላስቸገሩትም።

ሁለተኛ፣ ስላገኙት መፍትሔ አመሰግናለሁ። ለክፍሌ መሣሪያ ሽፋን እንድሰፋለት ጠየቁኝ። ቆይቶም ቀለም ቀቢዎቹ ሲመጡ፣ ብናኙ መሣሪያዎቹን እንዳያስጮህ ለኮሪደሮቹ፣ ለደረጃውና ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ሁሉ አዘዙኝ። ያን ጊዜ «እስከ መቼ?» ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ፣ የጠየቅሁት «ቀለሙ ምን ይሁን?» ብዬ ነበር። ከኮርኒሱ ጋር የሚመሳሰል ነጭ ጨርቅ መረጥኩ፤ ገበር አደረግሁለት፤ ጠርዙን አጥፌ ላስቲክ አስገባሁበት። እርስዎም በሰው ፊት «እጅዎ ይባረክ እማማ፣ እንዳለም አያስታውቅ!» አሉኝ። በልጅነቴ መምህሬ ደብተሬን ከፍ አድርገው ለክፍሉ ሲያሳዩ የተሰማኝ ደስታ በዚህ ዕድሜዬ ተመልሶ መጣብኝ።

ቀቢዎቹ ሄዱ፤ ሽፋኖቹ ቀሩ። የእሳት ደኅንነቱን ሊመረምር የመጣው ሰው ቀና ብሎ ኮርኒሱን አይቶ ፈርሞ ወጣ። በእሱ ለመፍረድ ግን አፌን አልከፍትም። እሱ አላያቸውም፤ እኔ በየማለዳው ከሥራቸው አልፍ ነበር፤ ባለፍኩም ቁጥር ጠርዛቸው አለመርገቡን እመለከት ነበር። አንድ ቀን የግምጃ ቤቱ ሽፋን በአንድ ጎኑ ወርዶ አገኘሁት። በዚህ ጉልበቴ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ መሣሪያውን በዓይኔ አይቼ፣ መልሼ አስተካክዬ ሸፈንኩት።

በሦስተኛ ደረጃ የማመሰግንበት ነገር ፈልጌ አጣሁ።

እሳቱ የተነሣው ከዚያው ግምጃ ቤት ነው። የምሳ ሰዓት ነበር፤ እኔም እኅቴ ቤት ነበርኩ። በካርቶኖቹ መሐል ያለፈው የኤሌክትሪክ ገመድ ግሎ ካርቶኑን ሲያቀጣጥል፣ ጭሱ ኮሪደሩን ሞልቶ፣ በደረጃው ወጥቶ አራተኛው ፎቅ ካለው ቢሮዎ እስኪደርስ አንድም መሣሪያ አልጮኸም። ጭሱ በደረሰበት ሁሉ ሽፋን ያልለበሰው አንድ መሣሪያ ብቻ ነበርና የጮኸው እሱ ነው፤ ከእርስዎ ጠረጴዛ በላይ ያለው። እርስዎ በወቅቱ አልነበሩም። ጥበቃው ግን ያንን ሰምቶ ሮጠ፤ በሯን ዘግታ ስትሠራ ጭስ የከበባትን የፎቶ ኮፒ ቤቷን ልጅም በጀርባው አዝሎ አወረዳት።

«ሲጮህ ነው የሮጥኩት እማማ፤ ሳይጮህ ምን ልስማ?» አለኝ በማግሥቱ። መልሱን አውቀው ነበር፤ ነገር ግን ከንፈሬን መጥጬ አለፍኩት። ልጅቷንም ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ሳሉ ወሬዋን ከመሐሉ እየቆረጠባት «ይቅርታ እማማ፣ ረበሽኩዎት» ትለኛለች። እኔን ይቅርታ ትጠይቀኛለች።

ከእሷ ዘንድ ስመለስ መሰላል አስመጥቼ ሽፋኖቹን በሙሉ አወረድኳቸው። በውጭ በኩል እንደ ከሰል ጠቁረዋል፤ ገልብጬ ሳያቸው ገበሩ የሰፋሁት ዕለት እንደነበረው ነጭ ነው። ስፌቴ አንዲት ብናኝ ጭስ አላሳለፈም። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የዚህን ያህል የተዋጣልኝ የለም።

ስለዚህ ሰኞ ሽፋኖቹን ሳላጥባቸው ይዤ እመጣለሁ፤ በስብሰባው ጠረጴዛ ላይም እዘረጋቸዋለሁ። ማን እንደሰፋቸውና ማን እንዳዘዛቸው እናገራለሁ፤ ጥበቃው ባለበትም በስሙ ጠርቼ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እሱ ወደ በሩ ይመለስ። ሰው መሰናበቱ የግድ ከሆነ የእኔ ክፍል ይለቀቅ፤ ለሚቀጥለው ተከራይ ግን ባለሙያው ያለውን ሙቀት ጠቋሚ ሳያስገጥሙ ቁልፉን እንዳይሰጡ አደራ እላለሁ።

ለደግ ቃልዎ ስትል ዓይኗን የጨፈነችው፣ ከአክብሮቷ አሁንም ጥቂት የተረፋት፣

የሦስተኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ለቢሮዎ ሰፍቼ «የክፍሉን መልክ ያበላሻል» ብለው የመለሱልኝ ሽፋን እስካሁን እኔ ዘንድ አለ። እሱንም ሰኞ ከሌሎቹ ጎን አስቀምጠዋለሁ። በሁለቱም በኩል ንጹሕ ሆኖ የተገኘው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ የማን እንደሆነ ለተከራዮቹ መንገር አያስፈልገኝም።