ግንባሬ ላይ የተለጠፈው ብር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ልምምድ እንደ ወትሮው። ሰውዬው፣ መሪ ተብዬው፣ አርፍዶ መጣ፤ ሲገባ ብድግ እንድንል ታዘናል። “ማስትሮ” በሉኝ ይላል። ውጭ አገር አጭር ኮርስ ወስዶ ተመለሰና ይኸው የየካ ክ/ከተማን ኦርኬስትራ ቪየና ሊያደርገው ነው። እኛ ማን ነን? ሁለት ነርሶች፣ አንድ የባንክ ጥበቃ፣ ጡረታ የወጡ ትራምፔት ነፊ፣ ከሲ.ኤም.ሲ ፋርማሲ እየሮጥኩ የምደርስ እኔ። ዱላውን ሲያወዛውዝ ዝንብ የሚያባርር ይመስላል። የሚመራን ከበሮ መቺው ሀብታሙ ነው፤ ማስትሮ ሀብታሙን ይከተላል። ይህን የማያውቅ ማስትሮ ብቻ።

እሑድ እንጦጦ ፓርክ እንጫወታለን። የትዝታው ሶሎ የኔ ነው! ስምንት ዓመት ከኋላ ረድፍ ቫዮሊን ስፈትግ ኖሬ። ማስታወሻዬ፣ ደስ ብሎኛል። ለማስትሮ ግን ደስታዬን አላሳየሁትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

አዲስ ሕግ። መድረክ ላይ ሽልማት ክልክል። ሰው ደስ ሲለው ብር ግንባር ላይ መለጠፉ ኋላ ቀርነት ነው አለ ማስትሮ፤ የተለጠፈለት ይባረራል። ጋሽ ተሰማ፣ ትራምፔት ነፊው፣ ሕዝቡንስ ማን ይነግረዋል ብለው ጠየቁ። የሠለጠነ ሕዝብ ይገባዋል አለ። እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እንጦጦ ላይ! አፌን ያዝኩ። ሶሎ ያለው ሰው አፉን ይይዛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ብርድ። ጣቴ ደንዝዟል። ሶሎው መሃል ላይ ስደርስ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከፊት ረድፍ ተነሱ። መድረኩን ወጡ። ብሯን በምራቃቸው ረጠብ አድርገው ግንባሬ ላይ ለጠፍ! በአንድ እጄ ቫዮሊን፣ በሌላው ቀስት። በምኔ ላንሳት? ማስትሮ እጁን አንስቶ አስቆመ። ሁሉም ቆመ። ሀብታሙ እንኳ! ፈሪ ሁላ።

እኔ አላቆምኩም። ጀግንነት አይምሰልህ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሕዝቡ ምቱን በጭብጨባ ያዘልኝ፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ እልልታ። ጎንበስ ብሎ እጅ የነሳው ማን ነው? ማስትሮ!

ሽማግሌው ከመድረክ ጀርባ ጠበቁኝ። አባባ ገመቹ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከእንጦጦ ማርያም አለፍ ብሎ ነው። በኦሮምኛ መረቁኝ፣ ከዚያ በአማርኛ፦ “ልጄ፣ ባለቤቴ ከአልጋ ከዋለች ቆየች። ትዝታ ነፍሷ ነው። ሐሙስ ወደ ማታ ብቅ ብትይልን?” ስልካቸውን ተቀበልኩ። አያለሁ አልኳቸው፤ እምቢ ለማለት ስናፍር የምንላት ነገር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ማስትሮ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጻፈ፣ ሁሉም እያየ። ሐሙስ ልምምድ ላይ በሁሉም ፊት ይቅርታ ካልጠየቅኩ ወንበሬ ለሌላ ሰው ነው። ጋሽ ተሰማ ደወሉ፦ “አንቺ ልጅ፣ ይቅርታ ምላስ አይቆርጥም። ዝቅ ብለሽ እለፊው።” ንቀቴ ለሳቸውም ተረፈ። ግን እውነታቸውን ነው። ያለዚያ ወንበር ሕይወቴ የሳል ሽሮፕና የጨጓራ ክኒን ብቻ ነው። አለቀስኩ። በዚያ ሰውዬ የተነሳ ማልቀሴ ይበልጥ አናደደኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ 10 ሰዓት ተኩል

መገናኛ። ይቅርታውን መንገድ ለመንገድ አጠናሁት። “ማስትሮ” የሚለው ላይ ስደርስ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሀብታሙ ጽፎልኛል፤ ሁላችንም እንጠብቅሻለን ይላል። እሑድ ቢጠብቁኝ ምን ነበረበት?

ወንበሩ ይናፍቀኛል። አልዋሽም፣ በጣም ይናፍቀኛል።

የስድስት ኪሎ ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ቫዮሊኑን አቅፌ። ከዚያ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ እንጦጦ። አባባ ገመቹ ጋ ደወልኩ፤ መጣሁ አልኳቸው። ስልኩን ሳይዘጉ ለቤተሰቡ ሲጮሁ ሰማሁ፦ ቀና አርጓት፣ ትራስ ጨምሩላት፣ ጸጉሯን አበጥሩላት። ቴሌግራሙ አሁንም ይንጫጫል። ረዳቱ ጠጋ በይ እያለኝ ነው፣ መጻፍ አልቻ