ሁለት ግራ እጅጌ

ጥቅምት 6

በዛሬው ዕለት በስፌት ቤታችን ሁለት ግራ እጅጌ ያለው ኮት መቆረጡን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ቆራጯ እኔ ነኝ። የወር አበባዬ መጥቶ ነበር። ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤን ቀስፎ ያዘኝ... የእጅጌውን የልክ ወረቀት ሳልገለብጥ ሁለተኛውንም በዚያው ቆረጥኩ።

አለቃዬ አልጮኸችም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። «እህቴ፣ ሌላ ጨርቅ ከተበላሸ መቁረጫ ጠረጴዛውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። አንቺ ቁልፍ ትተክያለሽ።» እጅጌዎቹን ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው። ለትምህርት።

ቁልፍ ተካይ? በዚህ ዕድሜዬ?

እማዬ፦ «የሴት ወግ ነው። ስትወልጂ ይተውሻል።»

ትክክል ናት። የሴት ወግ ነው። ተመዝግቧል።

ጥቅምት 11

ሐኪም ጋ ሄድኩ። እማዬም ሳትጠራ ተከተለችኝ። ሐኪሟ መረመረችኝ፤ በአልትራሳውንድም አየች። ስሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው አለች። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፤ በየወሩ ያብጣል፣ ይደማል።

«ያልተጠራ እንግዳ ነው በይኛ፤» አልኩ፣ እማዬን እያየሁ።

«እንግዳስ ይሄዳል፤» አለች ሐኪሟ።

ይህችን ሴት ወደድኳት።

ከዚያ ምርጫ። ሁለት ሆርሞን ያለው ክኒን አለ፤ ራስ ምታቴ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ ስለሚጀምር ለእኔ አይሆንም። ማህፀን ውስጥ ተቀምጦ ሆርሞን የሚለቅ ሉፕ አለ። መርፌ አለ። እንቁላል ማምረቻውን ጭራሽ የሚያስተኛም አለ፤ አጥንት ስለሚያሳሳ ለኋላ ይቆይ ተባለ። ለእኔ አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው ክኒን ታዘዘ። በየቀኑ፣ ያለ እረፍት።

እማዬ፦ «ዶክተር፣ ይሄ ልጅ መከልከያ አይደል እንዴ? ማህፀኗ ቢደርቅስ?»

«አይደርቅም እናቴ። ልጅ ስትፈልግ ታቆመዋለች። በሽታውን ግን ከሥሩ አይነቅለውም፤ ያስተኛዋል እንጂ።»

እማዬ እስከ ቤት የክኒኑን ፓኮ ስታገላብጥ ሄደች። ለታሪክ ይቀመጥ።

ኅዳር 2

ደም ጠብ ጠብ ይላል። መጀመሪያ ላይ ያጋጥማል ተብያለሁ... ቢሆንም። ክኒኑን ልተወው ይሆን? እማዬ «አላልኩሽም?» እስክትል ጠበቅኩ። አላለችም። ምን ነካት?

ኅዳር 3

አልተውኩትም።

ጥር 9

ወሩ መጣ፣ ወሩ ሄደ፤ ሆዴ ወሬውንም አልሰማ። ትንሽ ወፍሬያለሁ። ነጭናጫም ሆኛለሁ፤ አለቃዬ «ድሮስ?» ትላለች።

ዛሬ የኮት ጨርቅ ሰጠችኝ። ከኋላዬ ቆማ ጠበቀች። ቀኝ ቆረጥኩ። ወረቀቱን ገለበጥኩ። ግራ ቆረጥኩ። አንስታ አስተያየቻቸው። «ደህና» ብላ ሄደች፤ ስታልፍም ከግድግዳው ላይ እነዚያን ሁለቱን አወረደች።

ጥር 10

እማዬ ልብስ እያጣጠፈች፣ ሳታየኝ፦ «እኔ እኮ ወለሉ ላይ ነበር የምተኛው። ሲሚንቶው ሲቀዘቅዝ ቀለል ይለኝ ነበር።»

«መቼ?»

«በየወሩ። አንቺን ከወለድኩ በኋላም።»

«ታዲያ ስትወልጂ ይተውሻል ያልሽኝ...?»

«እኔንም እንደዚያ ነበር ያሉኝ።»

ተነስታ ውሃ ቀዳች። ክኒኔን ራሷ አቀበለችኝ።

እርማት፦ ጥቅምት 6 ቀን በዚህ ደብተር ላይ «የሴት ወግ ነው» ተብሎ የሰፈረው ስሕተት መሆኑ ተረጋግጧል። ወግ አይደለም፤ ሕመም ነው። እርማቱ ከእኔ በፊት ሲሚንቶ ላይ ለተኛችውም ይሠራል።